ከከተማ ወደ ሰቃ ጨቆርሳ፦ የመጀመሪያው ዓመት ለጓሮው ይሁን

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ባለቤቴ ከጅማ ወደ ሰቃ ጨቆርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ከአባቱ የወረሰው ግማሽ ሄክታር ገደማ መሬት አለው። መስከረም ላይ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ጠቅልለን ገባን። መሬቱ ላይ ያረጀ ቡና፣ ከቤቱ ጀርባ ጥቂት እንሰት፣ ከታች በኩል ትንሽ ምንጭ አለ። ቡናውን ነቅለን አቮካዶ፣ ምንጩ አጠገብ ባህር ዛፍ ልንተክል፣ አንድ የተዳቀለች ላምም ልንገዛ አስበናል። እኔ ደግሞ ምግባችንን ሁሉ ከጥሬው ጀምሬ በቤት መሥራት እፈልጋለሁ። ግን እንጀራዬ ዓይን አያወጣም። ያወጣው ደግሞ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ኅዳር ገባ። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጥያቄሽ የደረሰኝ በትክክለኛው ወር ነው። ሐምሌ ላይ ብትጽፊልኝ ኖሮ ከምነግርሽ ነገር ግማሹ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ ነበር።

የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬም በጅማ ዙሪያ ካሉ አርሶ አደሮች ጋር ነው። ከከተማ መጥተው መሬት ለያዙ ቤተሰቦች ሁሉ የምለው አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያውን ዓመት ለጓሮው ስጡት። ማሳው ይቆይ። ወጥ ቤትሽ በዓመቱ ውስጥ ምን እንደሚፈልግ ሳታውቂ ምንም ነገር አትንቀዪ። ያ ያረጀ ቡናም፣ ያ እንሰትም ያለ ምክንያት እዚያ አልተተከሉም።

መጀመሪያ የጅማን ዓመት እንይ። እዚህ በአማካይ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ዝናቡ መጋቢት አካባቢ ይጀምራል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጠናል፣ ጥቅምት ላይ ይቀንሳል። ደረቁ ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። ክረምቱን ሙሉ የምትበይው፣ የምታነጂው፣ የምታስቀምጪው ሁሉ የሚዘጋጀው በእነዚህ አራት ወራት ነው። ሰኔ ከገባ በኋላ እንጨት አይደርቅም። በርበሬ አይደርቅም። እህል ካልደረቀ ይሻግታል። ስለዚህ አሁን ጊዜሽን አቮካዶ ላይ አታጥፊው። አቮካዶ የሚተከለው ሰኔና ሐምሌ ላይ ስለሆነ ለእሱ ገና ብዙ ወራት አሉሽ።

ከማገዶ ጀምሪ። የክረምቱን እንጨት አሁን አስፈልጪና ዝናብ በማያገኘው፣ ነፋስ በሚያሳልፍ ቦታ ደርድሪው። እርጥብ እንጨት ጭሱ ብዙ፣ ሙቀቱ ትንሽ ነው። እንጀራሽ ዓይን ካላወጣባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ይመስለኛል። በሦስት ጉልቻ ላይ የምትጋግሪ ከሆነ ደግሞ ምርጥ የሚባለውን የሲሚንቶ የእንጀራ ምድጃ ግዢ። ከጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ እሳቱም ለምጣዱ እኩል ይዳረሳል። ልጆችሽ ጭስ ውስጥ ተቀምጠው ማጥናት የለባቸውም። ከምትገዢው ዕቃ ሁሉ ቅድሚያውን ለዚህ ምድጃ ስጪ፤ ከላሟም በፊት።

አሁን ወደ እንጀራው። ዱቄቱን በእርሾ አቡክተሽ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ታቆዪዋለሽ። ቅዝቃዜ መቡካቱን ያዘገየዋል፤ በክረምት ሦስተኛውን ቀን አትንፈጊው። ሲደርስ ከላይ የጠለለውን ውሃ ድፊ። ከሊጡ ጥቂት ቀንሺ፣ በውሃ አቅጥኚው፣ እሳት ላይ እያማሰልሽ አብስዪው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው አብሲቱ ላይ ነው። ሳይንተከተክ ያወጡታል። በደንብ በስሎ ወፈር ይበል፣ ከዚያ ለብ ሲል ወደ ሊጡ መልሺውና ኩፍ እስኪል ጠብቂ። ምጣዱ በደንብ መጋሉን፣ በጎመንዘር መታሸቱን እይ። አዲስ ምጣድ ከሆነ በትዕግሥት መሟሸት አለበት። ሊጡን ካዞርሽ በኋላ ዓይኑ እስኪወጣ ሳትከድኚ ጠብቂ። አክንባሎውን ቶሎ ከደፋሽበት እንፋሎቱ ዓይኑን ይደፍነዋል።

የሻጋታው ጉዳይ ሌላ ነው። የጅማ አየር እርጥበት አለው። ትኩሱን እንጀራ በላይ በላዩ ደርበሽ መሶብ ውስጥ ከከተትሽው ላቡ መውጫ ያጣል። አንድ በአንድ ሰፌድ ላይ ዘርግተሽ አቀዝቅዢው፣ ከዚያ ደርቢው። አዲስ አበባ እንደለመድሽው ለሳምንት አትጋግሪ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። ጤፉን ከበቆሎ ጋር ቀላቅለው የሚጋግሩ ጎረቤቶች ታገኛለሽ። ወጪ ይቀንሳል፤ ግን በቆሎው ሲበዛ እንጀራው ቶሎ ይደርቃል። መጀመሪያ ጤፉን አብዝተሽ ጀምሪና እጅሽ ሲለምድ በቆሎውን ቀስ እያልሽ ጨምሪ።

ለእህል የሚሆን ገንዘብ ካላችሁ የዓመቱን በቆሎ አዝመራው ሲገባ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግዙ። ነሐሴ ላይ ዋጋው ሌላ ነው። ግን ደረቅ መሆኑን አረጋግጪ። ቀላል መንገድ አለ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ በቆሎና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምሪ፣ ከድነሽ ነቅንቂው፣ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጪው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ መልሰሽ አስጪው። ደረቁን እህል ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ ባለው ፒክስ ከረጢት ክተቺ። አየር ሳይቀር በደንብ ጨምቀሽ እሰሪው። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒት አያስፈልግሽም። ይህን ደግሞ አጥብቄ እለምንሻለሁ፦ ገበያ ላይ የሚሸጠውን፣ መርዛማ ጋዝ የሚያወጣውን የነቀዝ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በፍጹም አታስገቢ። ጋዙ ሰው ይገድላል። ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ ቀልድ የለውም።

በርበሬና ሽሮም የታኅሣሥና የጥር ሥራዎች ናቸው። ዛላውን ስትገዢ በእጅሽ ስበሪው። ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። የሚተጣጠፍ ከሆነ እርጥብ ነው፤ እርጥብ በርበሬ ውስጥ የሚበቅለው ሻጋታ ደግሞ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይሠራል። ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን ከወቀጥሽበት በኋላም እንደገና በፀሐይ በደንብ ይድረቅ። ኮረሪማ ከሩቅ አታስመጪ። የዚህ አገር ተክል ነው፣ ጥላ ይወዳል፣ ቡናሽ ሥር ይበቅላል። ለቅቤ ማንጠሪያውም፣ ለቡናሽም ከጓሮሽ ታገኚዋለሽ።

ቡናውን በተመለከተ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ። «ያረጀ» ያልሽው ቡና ሥሩ ጤነኛ ከሆነ መሠረቱ ገና አለ ማለት ነው። መንቀል አያስፈልገውም፤ ጉንደላ ነው የሚያስፈልገው። ለቅሞ ከጨረሱ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ በስለታም መጋዝ ይቆረጣል። ውሃ እንዳይቋጥር አቆራረጡ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይበል። ዝናብ ሲመጣ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። ጠንካራዎቹን ሁለት ወይም ሦስት አስቀርተሽ ሌላውን ታነሺለታለሽ። ሁሉንም ዛፍ በአንድ ዓመት አትቁረጡ። በየዓመቱ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ብትጎነድሉ ቤቱ ያለ ቡና አይቀርም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ማሳው ሁሉ ይታደሳል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ግን በየዛፉ ሥር ተዘዋወሩ። አንዱ ጎኑ ወይም ጠቅላላው በድንገት ጠውልጎ የደረቀ ዛፍ ካገኛችሁ ከታች ቅርፊቱን በቢላ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ የጠቆረ ከሆነ ቡናን አጠውልጎ የሚያደርቀው በሽታ ነው። ያ ዛፍ አይጎነደልም። ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው ይቃጠላል፤ ቦታው ላይ ቢያንስ ሁለት ዓመት ቡና አይተከልም። መሣሪያውንም በእሳት ለብልቡት። ይህ በሽታ ዛፍ ውስጥ የሚገባው በቁስል በኩል ነው፤ አረም ሲታጨድ ገጀራው ግንዱን ይነካዋል፣ እዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ከግንዱ አጠገብ ያለው አረም በእጅ ይነቀል። የቀን ሠራተኛ ከቀጠራችሁ መጀመሪያ ይህን አሳዩት።

ለሞቱት ዛፎች ምትክ ስትፈልጉ የፍሬ አጠቁር በሽታን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ጠይቁ። በሽታው ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ማሳ ጎድቷል። ከዚያ በኋላ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተቋቋሚ ዛፎችን ከገበሬው ማሳና ከጫካ መርጦ አወጣ። 74110፣ 74112፣ 74165 የሚባሉት ከእነሱ መካከል ናቸው። ቁጥሩ በ74 የሚጀምረው የተመረጡት እ.ኤ.አ. በ1974 ስለሆነ ነው። እስከ ዛሬ በዚህ አካባቢ ገበሬው በቁጥራቸው ይጠራቸዋል። ከመሀል ያሉትን የጥላ ዛፎች፣ ሰሳውን፣ ብርብራውን፣ ዋንዛውን፣ አትንኩ። ሰሳና ብርብራ አፈሩን ያዳብራሉ፣ ቅጠላቸውም መሬቱን ይሸፍናል።

ለቤት የሚሆናችሁን ቡና ዘንድሮ ራሳችሁ አድርቁት። ቀዩን ብቻ ልቀሙ። ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ አስጡት፣ በቀን ደጋግማችሁ አገላብጡት፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ ሸፍኑት። መሬት ላይ ማስጣት የቡናውን ጣዕም ያበላሸዋል። ሲነቀነቅ ውስጡ ሲንኳኳ ደርሷል ማለት ነው። በጀንፈሉ አስቀምጪውና በየጊዜው የምትጠጪውን ያህል ብቻ ፈልፍዪ፤ ከነገለፈቱ የተቀመጠ ቡና ሽታውን ይዞ ይቆያል። ገለፈቱን አትጣዪ። ከፍግና ከቅጠል ጋር ሲብላላ ለጓሮው ጥሩ ኮምፖስት ይሆናል።

እንሰቱን ደግሞ እባክሽ እንደ ተራ አጥር አትዪው። ዝናብ ሲዛባ፣ በቆሎ ሲጠፋ፣ የዚህ አካባቢ ሰው የሚደገፍበት እሱ ነው። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ከዚያ ቆጮ፣ ቡላ፣ አሚቾ (ተቀቅሎ የሚበላው ሥሩ) ይወጣዋል። ቆጮ መፋቅና ማብላላት ከጽሑፍ የሚማሩት ሙያ አይደለም። ጎረቤት ያሉ እናቶች ሲፍቁ ሄደሽ አግዢ፣ እጅሽ ይልመድ። አንድ በቆረጣችሁ ቁጥር ግን ምትክ መኖሩን አረጋግጡ። ያልደረሰ እንሰት ተቆርጦ፣ እምቡጡ ወጥቶ ሥሩ ሲቀበር በርካታ ችግኝ ያበቅላል። ይህ ሥራም ከበልጉ ዝናብ በፊት፣ አሁን ባለው ደረቅ ወቅት ነው። ቅጠሉ ከመሀል ጀምሮ የሚጠወልግ፣ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ የሚወጣው እንሰት ካያችሁ ንቀሉት፣ ቅበሩት፣ ቢላውን በበረኪና ወይም በእሳት አጽዱት። በሽታው ከተክል ወደ ተክል የሚሄደው በቢላ ነው። ቅጠሉ ደግሞ ለወጥ ቤትሽ ነው። በእሳት ለብለብ አድርገሽ ድፎ ዳቦሽን ጠቅልዪበት፤ ሽታው ከዳቦው ጋር ሲገናኝ ልጆችሽ የሱቁን ዳቦ ይረሱታል።

ባህር ዛፉን ምንጩ አጠገብ አትትከሉ። በዚህ አላመነታም። ባህር ዛፍ ውሃ በብዛት ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ማብቀልም ይከብዳል። ምንጩ ቢመነምን የምትጎዱት እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ ከታች ያለው ጎረቤትም ከዚያው ይቀዳል። ለቤት ሥራ እንጨት ካስፈለጋችሁ ከምንጩና ከቡናው የራቀ ጠርዝ ላይ ጥቂት ይበቃል። ምንጩን ከብት እንዳይገባበት እጠሩት። መጸዳጃ ቤታችሁ ከእሱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከምንጩ በታች በኩልም ይሁን። የሚጠጣውን ውሃ አፍሉት።

ለልብስና ለጓሮ ደግሞ ጣሪያችሁ አለ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በዚህ ዝናብ በዓመት ወደ 90,000 ሊትር ይቀበላል። ጥቂቱ ቢፈስ እንኳ ብዙ ነው። አሸንዳ አሠሩ፣ በርሜል ወይም ሮቶ አስቀምጡ። ይህም ከመጋቢት በፊት ይለቅ።

አፈሩን በተመለከተ፣ የጅማ ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፣ ይዞታውም ጥሩ ነው፤ ግን በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። አሲዳማ አፈር ፎስፈረስን አስሮ ይይዛል፤ ማዳበሪያ ብትጨምሩም ተክሉ አያገኘውም። አሲዱን የሚቀንሰውን ኖራ ከመግዛታችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩት። ከማሳው ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል እየቆፈራችሁ ትንሽ ትንሽ አፈር አንሱ። ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ቀላቅሉት፣ ከዚያ አንድ ኪሎ ያህል ወስዳችሁ ለቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ ስጡ፤ ወደ ምርመራ የሚሄድበትን መንገድ ያሳያችኋል። አመድ የተደፋበት ወይም ከብት የታሰረበት ቦታ ናሙና አይወሰድበትም። ኖራ ካስፈለገ ከመዘራቱ ቢያንስ አንድ ወር በፊት አፈር ውስጥ ይግባ።

የምድጃሽ አመድ ራሱ አሲድ ይቀንሳል። ለጎመኑ መደብ በስሱ በትኚው። ከፍግ ወይም ከዩሪያ ጋር አብረሽ ግን አትቀላቅዪው፤ ናይትሮጅኑ በአየር ይጠፋል።

ጓሮሽን ወጥ ቤትሽ በር ላይ ጀምሪ። ለወጥ ወጥተሽ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ቆርጠሽ የምትመለሺበት ቦታ ይሁን። ራቅ ያለ ጓሮ ይረሳል። የአበሻ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ሮዝመሪ። ዕቃ ያጠብሽበት ውሃ ብዙ ሳሙና ከሌለው ለእነሱ ይድረስ። ቲማቲምን በዚህ በደረቁ ወቅት እያጠጣሽ አልሚው እንጂ በክረምት አትሞክሪው፤ ዝናቡ ውስጥ በሽታ ያነደዋል። ድንችም ላይ ያው በሽታ ይመጣል። ጎደሬና ቦዬ ግን የዚህ አገር ልጆች ናቸው፤ ዝናቡን ይወዱታል። ጎደሬን በደንብ ቀቅዪው፣ ጥሬነት ካለው ጉሮሮ ያሳክካል።

መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ቬቲቨር ሳር በአግድም ይተከል፣ ሰኔ ላይ። ይህ ሳር ወደ አገራችን የገባው በዚሁ በጅማ ምርምር ጣቢያ በኩል፣ የቡና ማሳን አፈር ለመጠበቅ ታስቦ ነው። ችግኙ እዚህ አይጠፋም።

በቆሎ መዝራት ከፈለጋችሁ ዘንድሮ ቤቱ አጠገብ ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ይሁን። ዝንጀሮ በቀን፣ የዱር አሳማ በሌሊት ይመጣል፤ ከቤት የራቀ በቆሎ ጠባቂ ይፈልጋል። ጎረቤቶቻችሁ ነሐሴ ላይ ማማ ላይ የሚያድሩት ለዚህ ነው።

ስለ ጎረቤት ካነሳሁ፣ ጉንደላውንም ሆነ ቁፋሮውን በደቦ አሠሩት። ግን መጀመሪያ እናንተ በሰው ደቦ ላይ ተገኙ። ባለቤትሽ የአገሩ ልጅ ቢሆንም ሰው የሚያየው አሁን ያለውን ነው። እድር ግቡ። አንቺም ኦሮምኛ ጀምሪ፤ ልጆችሽ ከአንቺ ቀድመው ይለምዱታል፣ እነሱ ያስተምሩሻል። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ጎረቤቶችሽ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ይሆናሉ። ክርስቲያን ከሆናችሁና ለደቦ ሥጋ ካሰባችሁ፣ እነሱ ራሳቸው እንዲያርዱ ጠይቁ፤ ምጣድና ድስቱንም ለዩ። ካልሆነም ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር ሁላችሁንም በአንድ ገበታ ያስቀምጣል። ቡናው መቼም አይቀርም።

ላሟን አሁን አትግዙ። የተዳቀለች ላም በየቀኑ ብዙ መኖ ትፈልጋለች፤ እናንተ ደግሞ ገና አንድ እስር ሳር አልተከላችሁም። ሰኔ ላይ በእርከኑና በአጥሩ ዳር ደሾና ዝሆኔ ሳር ትከሉ። እስከዚያ ከአምስት ስድስት የአበሻ ዶሮ ጀምሩ። የፈንግል ክትባት እንዲሰጣቸው የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ፤ ሌሊት በጥብቅ ይዘጋባቸው፣ ሸለምጥማጥ አለ። ወተትና ቅቤውን ለጊዜው ከጎረቤት ግዢ። ወተቱን ሳታፈዪ ለልጆች አትስጪ፤ ከጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች አሉ። ቅቤውን አሁን በደረቁ ወቅት አንጥረሽ አስቀምጪ።

አቮካዶውንም ጨርሶ አልከለክልም። የተዳቀለ ችግኝ ይሁን፣ ሁለት ሦስት ዛፍ፣ የቡናው ዛፍ ሞቶ ክፍተት ባለበት ቦታ። ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍራችሁ ከኮምፖስት ጋር አዘጋጁት። የላሟን ጉዳይ የሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ እናንሳው፤ ደሾው አንዴ ታጭዶ እንደገና ሲያቆጠቁጥ ስንት ከብት እንደሚችል ባለቤትሽ ራሱ አይቶ ያውቀዋል።